«ከ100 በላይ ጥናት ያሳተሙ» ከመባሉ በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ስለ አንድ የካንሰር ተመራማሪ በጋዜጣም በሬዲዮም ሲወራ የማትቀር ዐረፍተ ነገር አለች፤ «በታዋቂ ዓለም አቀፍ ጆርናሎች ከ100 በላይ ጥናቶችን ያሳተሙ»። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የሚቀዳው ከባለሙያው ሲቪ ነው። የካንሰር ታማሚና ቤተሰቡ ግን የት ሄደው፣ በማን እጅ እንደሚታከሙ ሲወስኑ እንዲህ ያለውን ዜና ይዘው ነው። ማጣራቱ ኢንተርኔት ላለው ጋዜጠኛ ከግማሽ ቀን የሚበልጥ ሥራ አይደለም፤ እንዴት እንደሚሠራ ማሳየት የዚህ ደብዳቤ ዓላማ ነው።

መጀመሪያ መጣራት ያለበት ስሙ ነው። ፐብሜድና ስኮፐስን የመሳሰሉ ጥናቶች የሚፈለጉባቸው የመረጃ ቋቶች የሰው መጨረሻ ስም የቤተሰብ ስም ነው ብለው ስለሚነሡ፣ የአባታችንን ስም ያስቀድሙና የእኛን ወደ አንድ ፊደል ያሳጥሩታል። ከበደ አበበ፣ ካሳ አበበና ኪዳኔ አበበ ሦስቱም በላቲን ፊደል በ«ኬ» ስለሚጀምሩ «አበበ ኬ.» ሆነው ይገባሉ። በዚህ ስም የፈለገ ሰው የአንዱን የማህፀን በር ካንሰር፣ የሌላውን የስንዴ ዋግ፣ የሦስተኛውን የወባ ጥናት በአንድ ዝርዝር ያገኛል። ጉግል ስኮላር የተባለው የጉግል የጥናት መፈለጊያ ደግሞ ይህን ዝርዝር ራሱ ሰብስቦ «የአንተ ነው?» ብሎ ያቀርባል፤ ባለቤቱ «አዎ» ካለ የሞክሼው ሥራ ሁሉ በስሙ ይቆጠራል። ከስሙ አጠገብ የሚታየው «የተረጋገጠ» የሚለው ምልክት የኢሜይል አድራሻውን እንጂ የጽሑፎቹን ባለቤትነት አይመለከትም። ተቃራኒውም ያጋጥማል። ፀጋዬ የሚለው ስም በላቲን ፊደል አንዴ በ«ቲ» ብቻ፣ አንዴ በ«ቲ» እና «ኤስ» ተጽፎ፣ በሌላ ጊዜ የአያት ስም ተጨምሮበት ሲወጣ የአንድ ሰው ሥራ ሦስት ቦታ ይበተናል፤ ጎበዙ ተመራማሪም ያልሠራ ይመስላል። መፍትሔው እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ተመራማሪ በነፃ የሚሰጠው ባለ16 አኃዝ የኦርኪድ መለያ ቁጥር ነው። ቁጥሩን ተመራማሪውን መጠየቅ ነውር የለውም። የኦርኪዱም ገጽ ቢሆን እያንዳንዱን ጽሑፍ ማን እንዳስገባው ያሳያልና፣ ባለቤቱ በእጁ ያስገባውን በአሳታሚው ከገባው ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

ቀጥሎ «ጥናት» የተባለው ምን ዓይነት ጽሑፍ እንደሆነ ይታያል። በአንድ ዝርዝር ውስጥ የራሱን መረጃ የሰበሰበ ጥናት፣ የሌሎችን ሥራ የሚከልስ ጽሑፍ፣ የአንድ ታማሚ ታሪክ፣ ለጆርናል የተጻፈ አጭር ደብዳቤና የጉባኤ አጭር መግለጫ እኩል «አንድ» ተብለው ይቆጠራሉ። ሰው በብዛት የሚሳሳተው በመጨረሻው ነው። የአሜሪካ ክሊኒካል ኦንኮሎጂ ማኅበር፣ በተለምዶ አስኮ የሚባለው፣ ለዓመታዊ ጉባኤው የመጡ አጭር መግለጫዎችን በጆርናል ኦፍ ክሊኒካል ኦንኮሎጂ ተጨማሪ እትም ያወጣል። አንዳንዱ ጉባኤው ላይ እንኳ አይቀርብም፤ ለኅትመት ብቻ የተቀበሉት ነው። ሲቪ ላይ ግን የጆርናሉ ስም ብቻ ይጻፋል። መለያው ቀላል ነው፤ በማጣቀሻው የእትም ቁጥር ላይ «ሰፕልመንት» የሚል ካለ፣ ወይም የገጹ ቁጥር «ኢ» በሚለው የላቲን ፊደል ጀምሮ ጽሑፉ ከአንድ ገጽ ካልበለጠ፣ ሙሉ ጥናት አይደለም።

የደራሲዎች ቅደም ተከተልም ራሱን የቻለ ቋንቋ አለው። በሕክምና ምርምር የመጀመሪያው ስም አብዛኛውን ሥራ የሠራው፣ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ላቦራቶሪውን ወይም ቡድኑን የመራው ነው። መሐል ያሉት ከናሙና አቅራቢ እስከ ስታቲስቲክስ ባለሙያ ሊሆኑ ይችላሉ። የዓለም የበሽታ ጫና ጥናት የካንሰር ቡድን በጃማ ኦንኮሎጂ ጆርናል የሚያወጣቸው ጽሑፎች በመቶ የሚቆጠሩ ደራሲዎች አሏቸው፤ ከእነሱ መካከል በርካታ ኢትዮጵያውያን አሉ። ሥራው ጠቃሚ ነው፤ መሳተፉም አያሳፍርም። ነገር ግን አንዱ ጽሑፍ በሌሎች ጽሑፎች ሺዎች ጊዜ ሲጠቀስ፣ ያ ሁሉ ጥቅስ በእያንዳንዱ ደራሲ ስም ሙሉ በሙሉ ይመዘገባል። ስለዚህ ሰውየው በስንቱ የመጀመሪያ፣ በስንቱ የመጨረሻ ደራሲ እንደሆነ መቁጠር ከጠቅላላ ድምሩ የበለጠ ይናገራል። ጽሑፉ ግርጌ ላይ «የደራሲዎች አስተዋጽኦ» የሚል አንቀጽ ካለ ደግሞ ነገሩ እዚያው ተጽፎ ይገኛል።

የተመራማሪን የጽሑፍና የጥቅስ ብዛት አንድ ላይ የሚለካውን፣ ኤች-ኢንዴክስ የሚባለውን ቁጥር የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረበው ነው። አምስት ጽሑፎች ያሉት ሰው 40፣ 22፣ 9፣ 4 እና 1 ጊዜ ተጠቅሶ ከሆነ ኢንዴክሱ 4 ነው፤ ቢያንስ አራት ጊዜ የተጠቀሱ አራት ጽሑፎች ስላሉት። ዕድሜ ሲጨምር ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ጥቅሱ ለሙገሳ ይሁን ለነቀፋም አይለይም። ኢምፓክት ፋክተር ደግሞ ጭራሹን የሰው መለኪያ አይደለም፤ ጆርናሉ ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣቸው ጽሑፎች በዓመቱ በአማካይ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ የሚነግር ነው። የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር የሚያሳትመው «ሲኤ» የተባለው ጆርናል እ.ኤ.አ. በ2020 ከ500 በላይ ኢምፓክት ፋክተር ነበረው። ምክንያቱ በየጊዜው የሚያወጣው የካንሰር ስታቲስቲክስ ነው፤ ስለ ካንሰር የሚጽፍ ሁሉ በመግቢያው ላይ እሱን ይጠቅሳል። እዚያው ጆርናል ላይ የወጣ ሌላ ጽሑፍ ያንን ክብር ለብሶ ይሄዳል።

ቁጥርና ክብርን ማመን የት እንደሚያደርስ ለማየት የአሜሪካውን የዱክ ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ማንሣት ይበቃል። አኒል ፖቲና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 በኔቸር ሜዲስን ጆርናል ባወጡት ጽሑፍ፣ የዕጢውን ጂኖች አሠራር አይተን ለታማሚው የሚስማማውን የኬሞቴራፒ መድኃኒት መምረጥ እንችላለን አሉ። ጽሑፉ ከ200 ጊዜ በላይ ተጠቀሰ። ዩኒቨርሲቲውም በ2007 በታማሚዎች ላይ ሙከራ ጀመረ፤ ከ100 በላይ ሰዎች ተመዘገቡ። በቴክሳሱ ኤምዲ አንደርሰን የካንሰር ማዕከል ያሉ ሁለት የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች፣ ኪት ባገርሊና ኬቨን ኩምስ፣ ያንኑ መረጃ ወስደው ደግመው ሲያሰሉት ውጤቱ አልመጣም። የጂኖቹ ዝርዝር በአንድ ረድፍ ተንሸራቷል፤ ማለትም ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ የተጻፈው የጎረቤቱ ጂን ስም ነው። ለአንዳንዶቹ መድኃኒቶች ደግሞ «መድኃኒቱ ይሠራበታል» እና «አይሠራበትም» የሚሉት መለያዎች ተገለባብጠዋል። ይህ በታማሚ ላይ ሲውል ትርጉሙ የማይጠቅመውን መድኃኒት መርጦ መስጠት ነው።

ሁለቱ ሰዎች ያገኙትን እ.ኤ.አ. በ2009 በዝርዝር ያሳተሙት ኦንኮሎጂስቶች (የካንሰር ሐኪሞች) በማያነቡት የስታቲስቲክስ ጆርናል ላይ ነበር። ዱክ ሙከራዎቹን ለጥቂት ወራት አቁሞ አጣራሁ አለና በ2010 መጀመሪያ መልሶ ከፈታቸው። ከዚያ በሐምሌ 2010 ዘ ካንሰር ሌተር የተባለው የሙያ ጋዜጣ ፖቲ በማመልከቻዎቹ ላይ የሮድስ ስኮላር ነኝ፣ ማለትም በኦክስፎርድ ለመማር የሚሰጠውን ታዋቂ የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝቻለሁ ማለቱ ሐሰት መሆኑን አወጣ። ስሌቱ ያላስቆመውን ይህች የሲቪ መስመር አስቆመችው፤ ሙከራዎቹ ተዘጉ፣ ፖቲ በኅዳር ለቀቀ፣ የኔቸር ሜዲስኑ ጽሑፍ በጥር 2011 ተሰረዘ። የአሜሪካ የምርምር ተዓማኒነት ቢሮ በ2015 ባወጣው ውሳኔ እንደተገለጸው፣ በአንድ የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ ላይ ከ33 ታማሚዎች 6ቱ ለመድኃኒቱ ምላሽ ሰጡ ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ በእውነቱ የተመዘገቡት 4 ናቸው፣ ምላሽ የሰጠ አንድም የለም። ፖቲ ሳያምንም ሳይክድም በስምምነት ዘጋው።

ይህ የአንድ ሰው ነውር ብቻ እንዳይመስል ሁለት ቁጥሮች ልጨምር። አምጀን የተባለው መድኃኒት አምራች በካንሰር ዘርፍ ፈር ቀዳጅ ከተባሉ 53 ጥናቶች ዋናውን ግኝት ደግሞ ማግኘት የቻለው በ6ቱ ብቻ እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2012 ተዘግቧል። የታተሙ ሙከራዎችን ደግሞ ለመሥራት ተነሥቶ በ2021 በተጠናቀቀው የካንሰር ባዮሎጂ የድግግሞሽ ፕሮጀክት ደግሞ ከ193 የታቀዱ ሙከራዎች ሊሠሩ የቻሉት 50 ናቸው፤ የታየው ውጤት መጠንም በመካከለኛ ግምት ከመጀመሪያው በ85 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በብዙዎቹ ውስጥ ማጭበርበር የለም። ትንሽ ናሙና፣ ያልተጻፈ አሠራር፣ ጥሩ የወጣውን ብቻ ማሳተም ይበቃል።

የተሰረዙ ጽሑፎችን ለማየት ፐብሜድ ላይ ርዕሱን መፈለግ በቂ ነው፤ ከላይ ማስጠንቀቂያ ይለጠፍበታል። የተሰረዙ ጽሑፎችን የሚከታተለው የሪትራክሽን ዋች ዝርዝርም እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ለሁሉም በነፃ ክፍት ነው። ስም ቢገኝ ግን ወዲያው ወንጀለኛ ማለት አይደለም፤ የስረዛው ምክንያት መነበብ አለበት። ስሕተቱን ራሱ አግኝቶ ጽሑፉን ያስሰረዘ ተመራማሪ ይመሰገናል እንጂ አይወገዝም። ገንዘብ ተቀብለው ሁሉን የሚያትሙ ጆርናሎችን ለመለየት ደግሞ የመጀመሪያውን ገጽ ቀኖች ማየት ነው። «ደረሰ» እና «ተቀባይነት አገኘ» በሚሉት መካከል አምስት ቀን ብቻ ካለ ማንም አላነበበውም ማለት ይቻላል። አይኤስኤስኤን የተባለው የመጽሔት መለያ ቁጥር መኖሩ ጥራትን አያሳይም፤ ለማንኛውም መጽሔት ይሰጣል።

ተመራማሪው በታማሚዎች ላይ ሙከራ መርቻለሁ ካለ የምዝገባ ቁጥር መኖር አለበት፤ በአሜሪካው መዝገብ ኤንሲቲ ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ ስምንት አኃዝ፣ ወይም የአፍሪካው መዝገብ ቁጥር። መዝገቡ ላይ በቅድሚያ ዋና መለኪያ ተብሎ የተጻፈው የታማሚዎች በሕይወት መቆየት ሆኖ፣ የታተመው ጽሑፍ ግን ስለ ዕጢው መቀነስ ብቻ የሚያወራ ከሆነ፣ ለምን ተቀየረ ብሎ መጠየቅ የጋዜጠኛ ድርሻ ነው።

በሌላ በኩል ጥቅስ የማይሰበስብ ግን ክብደት ያለው ሥራ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 በጥቁር አንበሳ የተቋቋመው የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ እያንዳንዱን አዲስ ታማሚ ከየሆስፒታሉ ካርድ ለቅሞ ይመዘግባል። ስለ አገራችን የጡትና የማህፀን በር ካንሰር የሚወጡት ዓለም አቀፍ ግምቶች መሠረታቸው ይኸው ነው። መዝጋቢዎቹን በኤች-ኢንዴክስ የፈለገ አያገኛቸውም።

ስለዚህ በቀጣይ እትሞቻችሁ «ከ100 በላይ ጥናት ያሳተሙ» ከማለት ይልቅ እንዲህ ብትጽፉ እመርጣለሁ፤ «በፐብሜድ በስማቸው 38 ጽሑፎች ይገኛሉ፤ በ9ኙ የመጀመሪያ፣ በ4ቱ የመጨረሻ ደራሲ ናቸው፤ የመሩት የተመዘገበ የሕክምና ሙከራ አንድ ሲሆን ውጤቱ ታትሟል፤ የተሰረዘ ጽሑፍ የላቸውም»። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የቀረቡ ናቸው። የኦርኪድ ቁጥሩም ከስሙ ሥር ቢታተም አንባቢው ራሱ ገብቶ ያያል።

ከአክብሮት ጋር