ለሁለት ቡድን ስለተሸጠ የእሁድ ሜዳ የቀረበ ቅሬታ

ለንደን፣ ሰኔ 3 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለሜዳ አከራይና የእሁድ ውድድር አዘጋጅ ድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ ላልተጫወትንባቸው እሁዶች የከፈልነው የሜዳ ኪራይ እንዲመለስልን ስለመጠየቅ

በሰሜን ለንደን የምንኖር ኢትዮጵያውያን ባቋቋምነው የእሁድ እግር ኳስ ቡድን ውስጥ በጸሐፊነትና በገንዘብ ያዥነት አገለግላለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ሜይ ወር መጨረሻ ላይ በኢሜይል የላካችሁልንን መልስ ከአባላቱ ጋር ተነጋግረንበት ልንቀበለው ስላልቻልን ነው። መልሳችሁ ባጭሩ፣ የ2020/21 የውድድር ዘመን የተሰናከለው መንግሥት በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ባወጣው ገደብ ስለሆነና ይህም ከድርጅቱ አቅም በላይ በመሆኑ፣ ላልተጫወትንባቸው እሁዶች የከፈልነው ገንዘብ አይመለስም የሚል ነው። ገደቡ ከተነሳ በኋላ ስለተነጠቅናቸው እሁዶች ግን አንድ ቃል አልተጻፈም፤ የቅሬታችን ዋና ምክንያት ደግሞ እሱ ነው። እዚህ አገር ካለው መዝገብ ጋር ለማመሳከር እንዲመች፣ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቀኖች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ፣ ኳስ በመቆሙ የምንወቅሰው ማንም እንደሌለ እንዲታወቅልን እንፈልጋለን። በማርች 2020 ከፕሪሚየር ሊጉ አንስቶ እስከ መናፈሻ ሜዳ ድረስ ጨዋታ ቆሟል፤ በዚያው ወር መጨረሻ ላይም ከፕሮፌሽናሉ በታች ያሉት አብዛኞቹ ሊጎች ውጤታቸው ተሰርዞ ያለ አሸናፊ ተዘግተዋል። አገር ቤትም ቢሆን የ2012 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን ሳይኖረው ነው የተሰረዘው። ከአባሎቻችን መካከል የአውቶቡስ ሾፌሮች፣ የሆስፒታልና የአረጋውያን መንከባከቢያ ሠራተኞች ስላሉ በሽታው ምን እንደሚያደርግ ሌላ ሰው እንዲነግረን አያስፈልገንም። በዚያ ጊዜ ለቀሩን ጥቂት ጨዋታዎች የከፈልነውንም ገንዘብ ሳንጠይቅ ትተንላችኋል።

ከእኛ ጋር ሜዳውን የሚጋሩት የክሪኬት ተጫዋቾች ዕጣም የተሻለ አልነበረም። ወቅታቸው በኤፕሪል መጨረሻ መከፈት ሲገባው ጸደዩ ሳይጫወቱ አለፈ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰንም በጁን 2020 የክሪኬት ኳስ በሽታ ታስተላልፋለች የሚል ሥጋት በፓርላማ ተናግረው ስለነበር፣ ለመዝናናት የሚጫወቱት ሰዎች ውድድር የተፈቀደላቸው ጁላይ 11 ቀን ነበር። ያውም በየስድስት ኦቨሩ (አንድ ኦቨር ስድስት ውርወራ ነው) ጨዋታው እየቆመ እጅ እየተጸዳ፣ ኳሷን በምራቅ ማሸት ተከልክሎ፣ በእረፍት ሰዓት አብረው የሚቀርቡበት ሻይና ሳንድዊችም ቀርቶ፣ ሁሉም ምሳውን ከቤቱ እየያዘ ነው። በዚህ ምክንያት ሜዳው ሴፕቴምበርን ሙሉ ለእነሱ እንዲሆንና የእኛ መክፈቻ ወደ ኦክቶበር 4 እንዲገፋ ስትጠይቁን ቅር ሳይለን ተስማምተናል። ይህን ያነሳሁት፣ የአንዱ ስፖርት ወቅት ሲዘገይ የሌላውን እንደሚገፋ ድርጅታችሁ አስቀድሞ ያውቅ እንደነበር በመዝገብ እንዲሰፍር ነው።

ሜዳውን ረግጠው የማያውቁ የቢሮ ባልደረቦች ይህን ደብዳቤ ሊያነቡት ስለሚችሉ፣ አቀማመጡን ባጭሩ ላስረዳ። ሁለት የእግር ኳስ ሜዳዎች ጎን ለጎን አሉ፤ በመካከላቸው የክሪኬት ኳስ የሚነጥርበት፣ ከሌላው ሣር ለየት ብሎ በጣም የታጨደና በከባድ ብረት የተዳመጠ ቦታ አለ። ክረምቱን ይህ ቦታ በገመድ ታጥሮ ይከረማል፤ ጸደይ ሲገባ ገመዱ ይነሳል፣ የጎል ብረቶቹ ይነቀላሉ፣ የሁለቱም ሜዳዎቻችን ሣር የክሪኬቱ ዳርቻ ይሆናል። አንድ የክሪኬት ጨዋታ ከቀትር ጀምሮ እስከ ምሽት ስለሚቆይ፣ በአንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ሜዳው ወይ የእነሱ ነው ወይ የእኛ። ለሁለታችንም የሚሆንበት መንገድ የለም።

የከፈልነው ከኦክቶበር 4 ቀን 2020 እስከ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2021 ድረስ፣ የገናና የአዲስ ዓመት እሁዶችን ሳይጨምር፣ ለ18 እሁዶች ነው፤ ለእያንዳንዱ 80 ፓውንድ፣ በጠቅላላው 1,440 ፓውንድ በቅድሚያ ገቢ አድርገናል። ከእነዚህ ውስጥ የተጫወትነው ሰባቱን ብቻ ነው። ከኖቬምበር 5 እስከ ዲሴምበር 2 በነበረው አገር አቀፍ እገዳ ሜዳው ተዘጋ፤ ተከፍቶ ሁለት እሁድ እንደተጫወትን ዲሴምበር 20 ቀን ለንደን አራተኛው የገደብ ደረጃ ውስጥ ገባች፤ ጃንዋሪ ላይ ደግሞ ሦስተኛው አገር አቀፍ እገዳ ተከተለ፤ የውጭ ስፖርት እንደገና የተፈቀደው ማርች 29 ቀን 2021 ነው። ስለዚህ 11 እሁዶች በሕግ በተከለከለ ጊዜ ውስጥ ወድቀዋል። እስከዚህ ድረስ እናንተም እኛም የምንለው አንድ ነው።

ልዩነታችን የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ባለው ነገር ላይ ነው። ጃንዋሪ ውስጥ ገንዘባችን እንዲመለስ ስንጠይቅ፣ «አትቸኩሉ፣ ገደቡ ሲነሳ በጸደይ ትጫወቱበታላችሁ» ተባልን። ብዙ የአካባቢ ሊጎች የተቋረጠውን ወቅታቸውን ወደ ሜይና ጁን እየገፉ ስለነበር ነገሩ አሳማኝ መስሎን ጠበቅን። ማርች መጨረሻ ላይ ኤፕሪል 11፣ 18 እና 25 የእኛ መሆናቸውን፣ የቀሩትም ተከታትለው እንደሚሰጡን የሚገልጽ የጽሑፍ መልእክት ከድርጅታችሁ ስልክ ደረሰን። የመጀመሪያውን እሁድ ያለ ችግር ተጫወትን።

በሁለተኛው እሁድ፣ ኤፕሪል 18 ቀን፣ ስንደርስ የጎል ብረቶቹ ተነቅለው አጥሩ ጥግ ተጋድመዋል፤ ነጭ የለበሱ ልጆች መሃል ላይ ሦስት ሦስት እንጨቶቻቸውን ተክለው ጨዋታ ጀምረዋል። አምበላቸው ጨዋ ሰው ነው፤ ጨዋታውን አስቁሞ ወደ እኛ መጣና ስልኩን አውጥቶ ደረሰኙን አሳየን፣ እኛም መልእክታችንን አሳየነው። ሜዳው ያው ሜዳ፣ ቀኑ ያው ቀን፣ የድርጅቱም ስም ያው ነው። የእነሱ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ ምሽት፣ የእኛ ከ7 እስከ 9 ሰዓት ይላል። የእነሱ ደረሰኝ የተቆረጠበት ቀን ፌብሩዋሪ 24 ነው፤ ይህም መንግሥት ገደቡ በየደረጃው የሚነሳበትን ዕቅድ ይፋ ካደረገ ሁለት ቀን በኋላ መሆኑ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ለእኛ «የእናንተ ነው» ተብሎ ሲጻፍልን ያ እሁድ ከተሸጠ አንድ ወር አልፎት ነበር። የሁለቱንም ፎቶግራፍ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ።

ሜዳ ድረስ ለመጣው ዳኛ፣ ጨዋታ ቀረ ተብሎ ድካሙ ከንቱ ስለማይሆን፣ 45 ፓውንድ ከፍለን ሸኘነው። ተጋጣሚያችንም ከከተማው ማዶ ሁለት ባቡር ቀይሮ የመጣ ቡድን ነበር።

በማግሥቱ ስደውል ስልኩን ያነሳችው ባልደረባችሁ በትሕትና አነጋግራኛለች፤ እሷን አልወቅሳትም። የነገረችኝ ግን በኮሮና ምክንያት የክሪኬቱ ወቅት ስለተጣበበ ሜዳው ለእነሱ መሰጠቱን ነው። የክሪኬቱ ቡድን አምበል ደግሞ ኤፕሪል 11 ቀን ሜዳው ያልተሰጣቸው በኮሮና ምክንያት የእግር ኳሱ ወቅት ስለተራዘመ እንደሆነ ተነግሮታል። ሁለታችንም አንድ ምክንያት ተሰጥቶን አንዳችን በሌላው እንድናዝን ተደርገናል። በኤፕሪል 2021 እግር ኳስንም ሆነ ክሪኬትን የሚከለክል ሕግ አልነበረም። ያን እሁድ ሜዳው ለእኛ የተዘጋው ድርጅታችሁ ለሁለት ወገን ስለሸጠው ነው፤ ይህን ደግሞ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ብሎ መጥራት አይቻልም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ የቀጠሮ መዝገባችሁን መክፈት ይበቃል።

ስለ ገንዘቡ ሕጉ የሚለውንም ማንሳት ግድ ይለኛል። የንግድ ውድድርና የገበያ ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ኤፕሪል 30 ቀን 2020 ባወጣው መግለጫ፣ በገደቡ ምክንያት አገልግሎቱ ሳይሰጥ ከቀረ ተጠቃሚው የከፈለው ሙሉ በሙሉ እንዲመለስለት እንደሚጠብቅ ገልጿል፤ ቫውቸር ወይም ሌላ ቀጠሮ በአማራጭነት መቅረብ ቢችልም ተጠቃሚው እንዲቀበለው መገፋት እንደሌለበት አክሏል። እኛ ነጋዴዎች አይደለንም፤ እንደ ዕቁብ በየወሩ ከየኪሳችን አዋጥተን የምንጫወት ሰዎች ነን። ድርጅታችሁ ቡድን እንደ ግለሰብ ተጠቃሚ አይቆጠርም የሚል ከሆነም፣ ሊፈጸሙ ስላልቻሉ ውሎች የወጣው የ1943 የእንግሊዝ ሕግ አለ፤ በዚህ ሕግ መሠረት በቅድሚያ የተከፈለ ገንዘብ የሚመለስ ሲሆን፣ ተቀባዩ ለውሉ ያወጣው ወጪ ካለ ፍርድ ቤት ተገቢ ያለውን ያህል ሊያስቀርለት ይችላል። ስለዚህ ሜዳውን የሚያከራያችሁ የአካባቢው አስተዳደር (ካውንስሉ) ሜዳው ለተዘጋባቸው ሳምንታት አስከፍሏችሁ ከሆነ ደረሰኙን አሳዩን፤ ተገቢውን ድርሻ ለመቀነስ ፈቃደኞች ነን። ካላስከፈላችሁ ግን ያልከፈላችሁትን ኪራይ ከእኛ ወስዳችሁ ማስቀረታችሁ ነው።

በምትኩ ያቀረባችሁልንን አማራጭ ያልተቀበልነው በግትርነት አይደለም። ረቡዕ ማታ ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ፣ በሽቦ በታጠረው የአምስት ሰው ሜዳ፣ እስከ ኦገስት 31 ብቻ የሚያገለግል ቫውቸር ነው የተሰጠን። ግማሹ ቡድናችን በዚያ ሰዓት ታክሲ ላይ ወይም ምግብ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ነው። አሥራ አንድ ሰው ይዞ የተቋቋመ ቡድን ደግሞ ስድስቱን አስቀርቶ አምስት ለአምስት መጫወቱ ምን እንደሚጠቅም አልገባንም።

ከዚህ በተጨማሪ «የኮቪድ ጥንቃቄ» በሚል ለእያንዳንዱ እሁድ 10 ፓውንድ፣ በጠቅላላው 180 ፓውንድ ከፍለናል። ይህ ክፍያ መልበሻ ክፍል ለማጽዳትና የእጅ ማጽጃ ለማቅረብ ነው ተብሎ ነበር። መልበሻ ክፍሎቹ ግን በተጫወትንባቸው እሁዶች ሁሉ እንደተቆለፉ ነበሩ፤ ልጆቹ ልብሳቸውን የቀየሩት በኖቬምበር ዝናብ መኪና ማቆሚያው ላይ፣ በተከፈተ የመኪና ኮፈን ሥር ተጠልለው ነው። በሩ ላይ የተሰቀለው የእጅ ማጽጃ ዕቃ ሲጫኑት አየር ብቻ ይተፋ ስለነበር ማጽጃ ከየቤታችን እናመጣ ነበር። የተጫዋቾችን ስምና ስልክ መዝግቦ ለ21 ቀን የመያዙን ሥራም የሠራሁት እኔ ነኝ። ይህ 180 ፓውንድ ለምን እንደዋለ ሊገለጽልን ይገባል፤ በእኛ በኩል ያየነው አገልግሎት የለም።

በዚህ መሠረት የምንጠይቀው፣ ላልተጫወትንባቸው 10 እሁዶች 800 ፓውንድ፣ ለጥንቃቄ የተከፈለው 180 ፓውንድ እና ለዳኛው ያወጣነው 45 ፓውንድ፣ በድምሩ 1,025 ፓውንድ፣ ይህ ደብዳቤ ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ ክፍያው በተፈጸመበት የባንክ ሒሳብ ተመላሽ እንዲደረግልን ነው። ቫውቸሩን አንጠቀምበትም፤ እንደተሰረዘ ይቆጠርልን። በተጠቀሰው ጊዜ ውስጥ መልስ ካላገኘን፣ እስከ 10,000 ፓውንድ ያሉ ክርክሮችን በሚያየው የአነስተኛ ክሶች ሥርዓት አቤቱታችንን ለማቅረብ ቡድኑ በስብሰባ ወስኗል። ነገሩ እዚያ ሳይደርስ በአገር ልጅነት ቁጭ ብለን ብንጨርሰው እንመርጣለን።

የሚቀጥለውን የውድድር ዘመን በተመለከተም አንድ ጥያቄ አለን። የክሪኬቱ ወቅት ዘንድሮ በሰዓቱ ስለተጀመረ ሜዳው በሴፕቴምበር ውስጥ መቼ እንደሚለቀቅ ከወዲሁ ሊታወቅ ይችላል። እኛም የክሪኬቱም ቡድን፣ የጎል ብረቶቹ የሚተከሉበትና የሚነቀሉበት ቀን ለሁለታችንም በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ጽሑፍ እንዲገለጽልን ተስማምተናል፤ አምበላቸውም ይህንኑ የሚጠይቅ ደብዳቤ በራሱ በኩል እንደሚልክላችሁ ነግሮኛል። ይህ ጽሑፍ እጃችን ሳይገባ ለ2021/22 የውድድር ዘመን ቀብድ አንከፍልም።

ከሰላምታ ጋር

የቡድኑ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ

አባሪ፦ የክፍያ ደረሰኝ፣ በማርች መጨረሻ የተላከልን መልእክት፣ ኤፕሪል 18 ቀን የተነሱ ፎቶግራፎች

ግልባጭ፦ ለቡድኑ አባላት፤ ለክሪኬቱ ቡድን አምበል