ለአብሮ አደጌ፦ ስለ ሽሚቶችና ስለ አባቴ ስም

ወንድሜ፣

ጤናህን እንዴት ነህ? እማማስ? ማን ቀድሞ ዝም እንዳለ አልከራከርህም። አባቴ ካረፈ ወዲህ ወደ ደብረ ታቦር መደወል እየከበደኝ ሄደ፤ አንተም ሐዘንተኛ ላላስቸግር ብለህ ይመስለኛል፣ በዚያው ቆየን። እኛ ደህና ነን። ልጁ ትምህርት ቤት ገብቷል፣ እኔም ያው ጥቅል አድራሽ ነኝ፤ ደረጃ ስወጣ ስወርድ እውላለሁ።

ዛሬ ግን የምጽፍልህ ስለ ኑሮ አይደለም። ሽሚት ስለሚባለው የጀርመኖች የቤተሰብ ስም ነው፤ ዓመቶቹንም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋቸዋለሁ፣ አንተ ቀንሰህ አንብብ።

ሥራዬ ቀኑን ሙሉ የሰው ስም ማንበብ ነው። እዚህ በየሕንጻው መግቢያ የደወል ሰሌዳ አለ፤ በየደወሉ ጎን የቤተሰብ ስም ተጽፏል። እኔ በምሠራበት በኮሎኝ ከሁሉ የሚበዛብኝ «ሽሚትስ» የሚባለው ነው። አንድ ሕንጻ ላይ ሦስት ሽሚትስ አገኛለሁ፣ አይዛመዱም፣ ጥቅሉ ላይ ግን የተጻፈው ሽሚትስ ብቻ ነው። አንዱ ይቀበለኛል፣ ይከፍተዋል፣ የሰው ጫማ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ የምፈለገው እኔ ነኝ። እንዲህ ሲያንገላቱኝ ጊዜ ነው እነዚህ ሰዎች ከየት መጡ ብዬ መጠየቅ የጀመርኩት።

ሽሚት ማለት ብረት ቀጥቃጭ ነው። አያትህ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ወናፍ እያስነፉን ማረሻ ሲሠሩ እንደነበረው ማለት ነው። ሽሚትስ ደግሞ «የቀጥቃጩ»፣ ማለትም የቀጥቃጩ ልጅ ወይም የቀጥቃጩ ቤት እንደማለት ነው። ጀርመኖችም በፊት እንደኛ ነበሩ፤ ሰው አንድ ስም ይዞ ይኖር ነበር። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ግን ከተሞች አደጉ፤ ግብር የሚሰበስብ፣ ርስት የሚመዘግብ፣ ውል የሚጽፍ ጸሐፊ በዛ። የክርስትና ስሞቹ ደግሞ ጥቂት ነበሩ፤ መንደሩ በዮሐንስና በሃይንሪሽ ተሞልቶ ጸሐፊው ተቸገረ። ስለዚህ «ዮሐንስ ቀጥቃጩ» እያለ ጻፈ። እንደ ኮሎኝ፣ ባዝልና ሬገንስቡርግ ባሉ የምዕራብና የደቡብ ከተሞች ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ ሄደ። መጀመሪያ ላይ የሥራ መግለጫ ብቻ ነበር፤ የቀጥቃጩ ልጅ ዳቦ ቢጋግር ጋጋሪው ይባል ነበር። ኋላ ግን ስሙ ሥራውን ትቶ ከልጁ ጋር ሄደ፤ ልጁ ዳቦ እየጋገረ ሽሚት ተባለ። የሰሜን ባሕር ዳርቻዎቹ ፍሪዞች ብቻ እንደኛ በአባት ስም እየተጠሩ ረጅም ጊዜ ቆዩ፤ እነሱንም ናፖሊዮን በ1811 የቤተሰብ ስም እንዲይዙ አስገደዳቸው።

መጀመሪያ የገረመኝ የብዛቱ ነገር ነው። በጀርመን አገር ከሁሉ የሚበዛው ስም ሙለር፣ ማለትም ወፍጮ ፈጪ ነው፤ ሁለተኛው ሽሚት። ታዲያ ያን ጊዜ አብዛኛው ሰው ገበሬ አልነበረም እንዴ? ነበር። ግን ሁሉም በሚያርስበት መንደር «አራሹ» ብለህ ማንን ትለያለህ? ስም የሚሆነው የብቻ ሥራ ነው። ወፍጮው አንድ፣ የብረት ቤቱም አንድ ስለነበር «ቀጥቃጩ» ሲባል ሁሉም ማን እንደሆነ ያውቃል። መንደሩ ስንት ሺ ነበር፣ ሽሚቱም ያን ያህል ሆነ። በከተማ ደግሞ ቀጥቃጮች ስለሚበዙ በሚሠሩት ዕቃ ተለዩ፦ የወርቁ ጎልድሽሚት፣ የመዳቡ ኩፕፈርሽሚት፣ የምስማሩ ናገልሽሚት፣ የቢላዋው ሜሰርሽሚት። የመጨረሻውን ከጦርነት ታሪክ ታውቀዋለህ፤ ቢላዋ ሠሪው በ20ኛው ክፍለ ዘመን የተዋጊ አውሮፕላን ስም ሆኖ ቀርቷል።

አሁን ደግሞ እኔን የሚያሳብደኝን ክፍል ስማ። ስሙ በጆሮ አንድ ሲሆን ጽሕፈቱ አራትና አምስት ነው። በመሐልና በሰሜን አገር፣ ቱሪንገንና ሰሜን ሄሰን ላይ፣ መጨረሻው በላቲኑ «ዴ»ና «ቴ» (dt) ይጻፋል። ወደ ፋልዝ፣ ወደ ዛርላንድና ወደ ቩርዝቡርግ ስትሄድ በሁለት «ቴ» ነው። ወደ ባየርን ደቡብ፣ ወደ አልጎይና ወደ ስዊዘርላንድ ስትወርድ ደግሞ በ«ዴ» ብቻ። ኮሎኝ፣ አኸንና ዱሰልዶርፍ የሽሚትስ ግዛት ነው። ሰሜን ጠረፍ ላይ «ስሚት» ይላሉ፤ የብሬመኑ ከንቲባ ዮሐን ስሚት፣ በ1827 ብሬመርሃፈን የተባለውን ወደብ የመሠረተው፣ ከነዚያ ወገን ነው። ሰዋስው የሚሉት ነገር የለበትም፤ በየአገሩ ያለው የመንደር አነጋገርና የጸሐፊው እጅ ነው። በ1876 በመላው ጀርመን የመንግሥት የክብር መዝገብ ቤት ሥራ ሲጀምር ደግሞ እያንዳንዱ በተመዘገበበት ፊደል ደርቆ ቀረ። ወንድማማቾች በተለያየ ፊደል ተመዝግበው የልጅ ልጆቻቸው ባዕድ መስለው ይኖራሉ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከምሥራቅ አሥራ ሁለት ሚሊዮን ያህል ጀርመን ተፈናቅሎ ወደ ምዕራብ መጣ፤ «ሽሚትከ» የሚባሉት የፖመርንና የፕሩሲያ «ትንንሽ ቀጥቃጮች» ያኔ በየከተማው ተበተኑ። ሰው እንዲህ ተበራይቶም ግን ካርታው አልጠፋም። የፍራይቡርግና የማይንዝ ምሁራን በ2005 የነበሩትን የቤት ስልክ ደንበኞች ስም በካርታ ላይ ሲያሰፍሩት የመካከለኛው ዘመን አነጋገር ድንበር ቁልጭ ብሎ ወጣ። ሁሉንም ዓይነት ሽሚት አንድ ላይ ብትደምር ደግሞ አንደኛ የተባለውን ሙለርን ይበልጣል። ፊደል ባይከፋፍላቸው ዙፋኑ የቀጥቃጭ ነበር ማለት ነው።

ከጀርመን ውጪም ሞልተዋል። አሜሪካ የሄዱት ብዙዎቹ፣ በተለይ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀርመንነት ሲጠላ፣ ስሚዝ ሆነው ከእንግሊዞቹ ቀጥቃጮች ጋር ተቀላቀሉ፤ ስሚዝ በ2010 የአሜሪካ ቆጠራ ከ2.4 ሚሊዮን በላይ ሰው የያዘ አንደኛ ስም ነው። ወደ ደቡብ ብራዚልና ወደ ሩሲያ የሄዱ አሉ። በ2011 የፊዚክስ ኖቤል ከወሰዱት አንዱ ብራያን ሽሚት ነው፣ በዚያው ዓመት የዴንማርክ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነችው ሴት ስሟ በሽሚት ያልቃል። አንዳቸውም ጉጠት አልያዙም።

ከሁሉ የወደድኩት የሄልሙት ሽሚትን ታሪክ ነው፤ ከ1974 እስከ 1982 ምዕራብ ጀርመንን የመሩት ባለ ሲጋራው ቻንስለር። አባታቸው ከጋብቻ ውጪ የተወለዱ የአንድ አይሁዳዊ ባለ ባንክ ልጅ ነበሩ፤ ሽሚት የሚባል ቤተሰብ በማደጎ አሳደጋቸው። በናዚ ዘመን ይህ ቢታወቅ ምን ሊመጣ እንደሚችል አስበው። ያ ተራ የቀጥቃጭ ስም ነው የጋረዳቸው። ደምህ ምንም ይሁን፣ ሽሚት ከተባልክ ማንም ዞር ብሎ አያይህም።

ይኼን ሳስብ አያትህ ትዝ ይሉኛል። እኛ ስንት ዓመት ማረሻውን እየወሰድን ሠሪውን ቡዳ ስንል ኖርን! የጎንደር ቤተ እስራኤሎችም ብረቱን ቀጥቅጠው፣ ሸክላውን ሠርተው በሰጡት ሕዝብ ያው ነበር የሚባሉት። አፄ ምኒልክ በ1908 ባለእጅን የሚሰድብ ይቀጣ ብለው ያስነገሩት አዋጅ እንኳ አንተ ትምህርት ቤት ከመሰደብ አላዳነህም፤ እኔ ነበርኩ፣ አይቻለሁ። ጀርመኖች ከኛ ይሻላሉ ብዬ ግን አልዋሽህም። እነሱም የሚንቁት ሥራ ነበራቸው፤ ብቻ ቀጥቃጭ አልነበረም። የሚናቀው የተልባ እግር ሸማኔው፣ እረኛው፣ የበክት ገፋፊው፣ በብዙ ቦታም ዱቄት ይሰርቃል የሚባለው ወፍጮ ፈጪ ነበር። የእደ ጥበብ ማኅበራት ልጆቻቸውን አንቀበልም ይሉ ነበርና በ1548 የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የብዙዎቹን ተቀበሉ ብሎ ደነገገ። አልሰሙም፤ በ1731 እንደገና መደንገግ አስፈለገ። አሁን ያ የተናቀው ሙለር የአገሩ አንደኛ ስም ነው፣ ማንም ስለ ዱቄቱ አያነሣም።

የኛ ሠፈር ጋፋትንም በአዲስ ዓይን አየሁት። ለአፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ካቀለጡት ፈረንጆች መካከል ዋልድማየር፣ ማየርና ዛልሙለር ነበሩ፤ ማየር የጌታ ርስት አስተዳዳሪ፣ ሙለር ያው ፈጪ ነው። የርስት ሹምና የፈጪ ስም የያዙ ሰዎች ደብረ ታቦር መጥተው ብረት አቀለጡ! ያን ግዙፍ ነገር እስከ መቅደላ የጎተተው ሰው ስማቸው ምን ማለት እንደሆነ ጠይቆ ይሆን?

ወደ ደወሌ ልመለስ። በአንድ ሰሌዳ ላይ ሽሚትስ፣ ኮቫልስኪ፣ ደሚርጂ፣ ሐዳድ ተደርድረው ታገኛለህ። ጀርመኑ፣ የከሰል ማዕድን ለመቆፈር የመጣው የፖላንዱ ዘር፣ ቱርኩና ሶርያዊው ናቸው። አራቱም ስም ከብረት ሠሪ የወጣ ነው፣ አራቱም በአሳንሰሩ ውስጥ አይነጋገሩም። ቱርኮች የቤተሰብ ስም በሕግ የተሰጣቸው በ1934 ነው፤ በአያቶቻቸው ዕድሜ ማለት ነው።

በኔ ደወል ላይ ያለው ደግሞ የአባቴ ስም ነው። ስመጣ ፎርሙ ላይ «የቤተሰብ ስም» የሚል ሣጥን ነበር፣ የአባቴ ስም ገባበት። ልጄ ሲወለድም ያው ስም ተሰጠው። እዚያ ቢሆን በኔ ስም ይጠራ ነበር፤ እዚህ በአያቱ ይጠራል፣ የኔ ስም ልጄ ላይ የለም። ልጁም የልጅ ልጁም እንደዚያው ይቀጥላሉ። መጀመሪያ ከፍቶኝ ነበር፣ አልደብቅህም። አባቴ ካረፈ በኋላ ግን ሌላ ሆነብኝ። አስተማሪዋ ልጁን በአባቴ ስም ስትጠራው ሰማሁ፤ እርሻውን ትቶ ከደብረ ታቦር ወጥቶ የማያውቅ ሰው በኮሎኝ ክፍል ውስጥ «አቤት» ሲባልለት። ያ የመጀመሪያው ቀጥቃጭ ዮሐንስም ጸሐፊው ፊት ሲቆም የብዙ መቶ ዓመት ልጆቹን እየሰየመ መሆኑን አላወቀም። አባቴም አላወቀም። እኔ ነበርኩ ጸሐፊው።

ይኼን ሁሉ የዘበዘብኩት ለምን መሰለህ? ልጅህ ለሙያ ሥልጠና እዚህ ሊመጣ ወረቀት እያዘጋጀ መሆኑን ከእህቴ ሰማሁ። ደስ ብሎኛል፣ አልጋ አለኝ፣ ይምጣ። ነገር ግን ያን ሣጥን ከመሙላቱ በፊት ተቀመጡና ተነጋገሩ። ያንተ ስም ነው የሚቀጥለው ወይስ የአባትህ? የልደት ምስክር ወረቀቱ፣ የትምህርት ማስረጃውና ፓስፖርቱ በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት ይሁኑ፤ አንዱ «ጸ»ን በሁለት ፊደል አንዱ በአንድ ከጻፈው የሽሚቶች ጣጣ በሱ ይጀምራል። በኋላ እቀይራለሁ እንዳይል። እዚህ ስም ለመቀየር ብርቱ ምክንያት ይጠይቃሉ። ከሚቀበሏቸው ምክንያቶች አንዱ ስሙ ከመብዛቱ የተነሣ ሰውን የማይለይ መሆኑ ነው፤ መመሪያቸው በምሳሌነት ከጠቀሳቸው ስሞች አንዱ ራሱ ሽሚት ነው። ያንተ ስም ግን እዚህ አልበዛም፣ በዚህ በኩል ማምለጫ የለውም።

ፎርሙን ከመላኩ በፊት ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፣ ፊደሉን አብረን እናየዋለን። እማማን ጉልበታቸውን ሳምልኝ።

ያንተው