«አሎው በይው» ያልኩሽ እኔ ነኝ

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? የጦሳ ብርድ ጥቅምት ሳይጋመስ እንደሚገባ አውቃለሁ። ጋቢውን አውጪና ልበሺው፣ ለእንግዳ ብለሽ አታስቀምጪው። እኔ ደህና ነኝ። መገናኛ እዚያችው ሱቅ ውስጥ ስልክ ስፈታ ስገጥም እውላለሁ።

በወረቀት ስጽፍልሽ ግራ ይገባሽ ይሆናል። በቴሌግራም ያልጻፍኩት ስልክሽን ስለማላምነው ነው። ብደውል ደግሞ «ደህና ነኝ፣ ካርድህ ይቆጥራል» ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። ደብዳቤ አይዘጋም።

ሰምቻለሁ እማዬ። ሚሚን አትቆጫት። እሷ አምልጧት አልነገረችኝም፤ አንገትሽን አይቼ እኔው ነኝ ያፋጠጥኳት። በመስቀል የላካችሁልኝ ፎቶ ላይ አንገትሽ ላይ ማተብሽ ብቻ ነው ያለው። ሀብሉ የለም። ከአባዬ ለቅሶ በቀር ያንን ሀብል አውልቀሽው አታውቂም።

እንደነገረችኝ ልድገመው፤ የሳትኩት ካለ ታርሚኛለሽ፣ እርማት መቼም ሥራሽ ነበር። መስከረም መጀመሪያ ላይ፣ ማታ፣ የኮሌጁ አርማ ያለበት መልእክት በቴሌግራም መጣልሽ። «የዚህ ሴሚስተር ክፍያ በአዲሱ አፕ ብቻ ነው፤ ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል» ይላል። የሚሚ ስም ከነአባቷ ተጽፏል። ከሥሩ መጨረሻው «ኤፒኬ» የሚል ፋይል አለ፤ የአፕ መጫኛ ማለት ነው። መነጽርሽን አድርገሽ ነካሽው። ስልኩ አስጠነቀቀሽ፤ አሎው፣ ማለትም ፈቅጃለሁ፣ አልሽው። መልእክቶችሽን ላንብብ ወይ አለሽ፤ አሎው። ከዚያ ሴቲንግ ውስጥ አስገባሽና አክሰሲቢሊቲ የሚባለውን እንድታበሪ ጠየቀሽ፤ አበራሽለት። ሲነጋ ባንክ ያስቀመጥሽው የእቁብ ብር፣ 18,400ው፣ የለም።

ሦስት ሳምንት ሙሉ «ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩ ሰው እንዲህ ልሞኝ?» እያልሽ ራስሽን ስትወቅሺ ከርመሻል አሉ። አሁን የኔን ስሚ።

አምና በፋሲካ ረከቦቱ አጠገብ ተቀምጠን የመዝሙሩን አፕ የጫንኩልሽ ትዝ ይልሻል? ዳታ እንዳይበላብሽ ብዬ ከፕሌይ ስቶር አላወረድኩትም። ከኔ ስልክ በቴሌግራም ላኩልሽ። ስልክሽ «ይህ ካልታወቀ ምንጭ ነው» እያለ አስቸገረ። አንቺም «ምን ይለኛል?» አልሽኝ። «የሚጠይቅሽን ሁሉ ዝም ብለሽ አሎው በይው» አልኩሽ። ቃል በቃል እንደዚህ ነው ያልኩሽ። ቡናውን እየጠጣሁ፣ ቀና ብዬ እንኳ ሳላይሽ።

ደግሞ ሌላም አለ። ድሮ አንድሮይድ ላይ ለቤቱ በሙሉ አንድ ቁልፍ ነበረች፤ ከከፈትሽ ከየትም የመጣ አፕ ይገባል። በ2017 እ.ኤ.አ. ከወጣው ከአንድሮይድ 8 ወዲህ ግን ፈቃዱ የሚሰጠው ለየብቻ ነው፦ ለክሮም ለብቻው፣ ለቴሌግራም ለብቻው። እኔ ያን ቀን ለቴሌግራም ከፈትኩለት። መዝሙሩ ከገባ በኋላ መልሼ መዝጋት ነበረብኝ፤ ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። ረሳሁት አልልሽም። «ሌላ ጊዜ ስልክላት ይቀላታል» ብዬ ነው የተውኩት። ተዘግቶ ቢሆን ስልኩ ሴቲንግ ድረስ ወስዶ «ልክፈት ወይ?» ይልሽ ነበር። አውቅሻለሁ፣ እዚያ ላይ ትደውይልኝ ነበር።

አክሰሲቢሊቲ ያልኩሽ የተሠራው እንደ ዓይነ ስውራን ላሉ አካል ጉዳተኞች ነው። ስክሪኑ ላይ ያለውን ያነብላቸዋል፣ በነሱ ፈንታም ይነካላቸዋል። ሌባ እጅ ሲገባ ግን ያው ነገር የምትጽፊውን ያያል፣ የሚስጥር ቁጥርሽን ያያል፣ አንቺ ተኝተሽ ሳለ ባንቺ ጣት ቦታ ይጫናል። ባንኩ የሚልከውን የማረጋገጫ ቁጥርም ያነበዋል፣ መልእክት ላንብብ ሲልሽ አስቀድሞ ፈቅደሽለታላ። አስተማሪ ሆንሽ አልሆንሽ ለውጥ የለውም። ባለፈው ወር የባንክ ሠራተኛ የሆነ ደንበኛ ይኸው ነገር ያለበት ስልክ ይዞልኝ መጥቷል።

የአባቷን ስም ከየት አመጡት ትያለሽ። ኮሌጁ የተመዘገቡትን ስም ዝርዝር ቻናሉ ላይ ለጥፎት ነበር። አንቺ ደግሞ የወላጆች ግሩፕ ውስጥ አለሽ። ሌባው ምንም የረቀቀ ነገር አላደረገም። የመክፈያውን ሳምንት ነው የጠበቀው። በዚያ ሳምንት ወላጅ ሁሉ ልቡ ተሰቅሎ ነው የሚውለው።

እኔ ያን ጭንቀት አላየሁትም፣ ያንቺን ያህል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የገባሁት የወጪ መጋራት ውል ፈርሜ ነው። ምግብና መኝታው ሙሉውን፣ ከትምህርቱም ቢያንስ 15 በመቶውን በኔ ላይ ተጻፈ፤ ግን የከፈልኩት ሥራ ከያዝኩ በኋላ፣ ከደሞዜ እየተቆረጠ ነው። ኦርጅናል ዲግሪዬ እዳው እስኪያልቅ አልተሰጠኝም ነበር፣ ስንት ቀን ተነጫነጭኩ! ሚሚ ግን ምደባዋ ሩቅ ወጣ፣ መንገዱም አስፈራሽ፣ ደሴ የግል ኮሌጅ አስገባሻት። አላጠፋሽም። የግል ኮሌጅ ግን ቅድሚያ ነው የሚያስከፍለው። ካልከፈልሽ ምዝገባ የለም፣ ካልተመዘገበች ፈተና የለም። «ዓርብ ይዘጋል» ሲባል ማን ቁጭ ብሎ ያጣራል?

ከፕሌይ ስቶር ውጪ የመጣ ሁሉ ሌባ ነው እንዳትይ ደግሞ። እንጀራዬም እሱ ነው። ቀኑን ሙሉ ያለ ዳታ ከስልክ ወደ ስልክ ፋይል በሚያሻግረው በዜንደር ለሰው አፕ ስጭን ነው የምውለው፤ አንዱ ኢሜይሉን ረስቷል፣ አንዱ ዳታ የለውም፣ አንዷ ፕሌይ ስቶር የሌለው ሁዋዌ ይዛ ትመጣለች። ባለፈው ነሐሴ ጉግል አስታውቋል፤ ማንነቱን ያላስመዘገበ ሰው የሠራው አፕ ስልክ ላይ እንዳይገባ ሊያደርግ ነው አሉ። ከመስከረም 2026 እ.ኤ.አ. በብራዚል፣ በኢንዶኔዥያ፣ በሲንጋፖርና በታይላንድ ይጀምራል፤ ሌላው ዓለም ከ2027 ወዲህ ነው። ሱቃችን ውስጥ ገሚሱ «ገበያችን ሞተ» ይላል። እኔ ያንቺን ነገር ከሰማሁ ወዲህ የማንን ወገን እንደምይዝ አላውቅም።

አሁን ወደ ሥራው። ትናንት ሚሚ ሲምሽን አውጥታ ባለ ቁልፏ ስልክ ውስጥ የከተተችው እኔ ብያት ነው፤ አትቀየሚያት። ስማርቱን አትክፈቺው፣ እኔው መጥቼ ፎርማት አደርገዋለሁ። ፎቶዎቹን ሳላወጣ አልነካውም፣ አብሽሪ። ባንክ ደግሞ መታወቂያሽን ይዘሽ በአካል ሂጂ፤ የሞባይል ባንኪንጉን ይዝጉትና አዲስ የሚስጥር ቁጥር ይስጡሽ። ማመልከቻም ጻፊላቸው፣ ብሩ ወደ ማን ሂሳብ እንደሄደ ይታያል። የፖሊሱን ስመጣ አብረን እንሄዳለን። ለቴሌብር ስማርት ስልክ አያስፈልግሽም፣ በባለ ቁልፏ ኮከብ 127 መሰላል ብለሽ ትደውያለሽ፣ በቃ።

የሚሚን ክፍያ ሙሉውን እኔ ልውሰደው ልልሽ ነበር። ተውኩት። ካንቺ ቀምቼ ከፋይ ብሆን ከሌባው በምን እለያለሁ? ግማሹን እኔ ልላክ፣ ግማሹ ያንቺ ይሁን። ከፋይዋ ግን አንቺ ነሽ። ባንክ መስኮት ላይ ተሰልፈሽ፣ ስሊፑን በራስሽ እጅ ጽሑፍ ሞልተሽ ክፈይ። ደረሰኙን እዚያ ብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከዲግሪዬ በላይ አስቀምጪው።

ቅዳሜ ከንጋቱ አውቶቡስ እሳፈራለሁ፣ ማታ እደርሳለሁ። እስከዚያ አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ። ሀብሉን ሰኞ ገበያ ላሉት ወርቅ ሠሪ ከሆነ የሸጥሽው፣ ዛሬውኑ ሚሚን ላኪያትና እስካሁን ካላቀለጡት እንዲያቆዩልኝ ትንገራቸው። የሰጡሽን ዋጋ በትንሽ ወረቀት ጽፋ ትላክልኝ።

ልጅሽ