የድጋፍ ጥሪ፦ የፒያሳን የእግረኛ መንገድ በልጉ ሳይቀድመን እንጨርስ

ለተከበራችሁ የደሴ ነዋሪዎች፣ በቅርብም በሩቅም ላላችሁ የደሴ ልጆች፤

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛላችሁ። እኛ የመንገድ ሥራው ኮሚቴ ይህን የምንጽፈው ደክሞን ነው፣ አንደብቅም። ከፒያሳ ወደ ቧንቧ ውሃ በሚወስደው ዋና መንገድ ዳር ያቆምነው የድጋፍ ግንብ በነሐሴው ዝናብ ተደርምሷል። ከላዩ የነጠፍነውንም የእግረኛ መንገድ ይዞት ወርዷል። ከዚያ ወዲህ «እንግዲህ ቀረ» የሚለን ሰው ብዙ ነው። አልቀረም። ያለ እናንተ ግን ይቀራል።

ወሬው ስለበዛ አንዴ ከእኛ ስሙት። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ ያን ሌሊት ከግንቡ ጀርባ ገባ። ከላይ ያለው አሮጌ ቦይ በደለልና በፕላስቲክ ጠርሙስ ተደፍኖ ነበር። ውሃው መውጫ ሲያጣ አፈሩን አራሰውና ግንቡን ከጀርባው ገፋው። ጠዋት ስንደርስ ለዓይነ ስውራን መሪ እንዲሆኑ የነጠፍናቸው ቢጫ ታይሎች ከጭቃው ጋር አስፋልቱ ላይ ተበትነዋል። አንድ የሰፈራችን ሊስትሮ ማንም ሳያዘው በጆንያ ይለቅማቸው ነበር። ያልተሰበሩትን አጥቦ ቅሬ ቤቱ (የእድራችን ቤት) በረንዳ ላይ ደርድሯቸዋል። አሁንም እዚያው ናቸው፣ መጥታችሁ እዩ።

የዚህን መንገድ ጣጣ ለደሴ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚያልፈው አውራ ጎዳና መሀል ከተማችንን ሰንጥቆ ነው የሚሄደው። የሐረጎን ዳገት አቃስቶ የወጣው ሲኖትራክ፣ ባጃጁ፣ አይሱዙው፣ ሸክም ያለበት አህያና ተማሪው ሁሉ አንድ አስፋልት ላይ ናቸው። ሰኞ ገበያ የዋለች እናት ዘንቢሏን ተሸክማ በየት በኩል ትሂድ? ዳሩን አሸዋ ክምርና የቆመ መኪና ይዞታል። ቦዩ ክፍት ነው። የጣውላ መሻገሪያው ሲረጥብ ያንሸራትታል።

«ለእግረኛ ይሄን ያህል ወጪ ቅንጦት ነው» የምትሉ አላችሁ፣ በቅንነት እንደሆነም እናውቃለን። ግን በዚህ መንገድ መኪና ያለው ስንቱ ነው? አብዛኛው በእግሩ ነው የሚሄደው። መንገድን ለተወሰነ ሰዓት ለመኪና ዘግቶ ለእግረኛ የሚሰጠው «መንገድ ለሰው» የተባለው ዘመቻ በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲጀመር ብዙዎች ስቀውበት ነበር። በ2012 ዓ.ም. የትራንስፖርት ሚኒስቴር ሞተር አልባ ትራንስፖርትን፣ ማለትም የእግርና የብስክሌት ጉዞን፣ የሚመለከት የአሥር ዓመት ስትራቴጂ አወጣ። ስለዚህ ሐሳቡ የእኛ የሰፈር ሕልም ብቻ አይደለም። «የኮሪደር ልማት ሲመጣ ይሠራዋል» ለሚሉም መልስ አለን። ይምጣ፣ እሰየው። ተማሪው ግን ዛሬ ነው የሚሻገረው።

እስካሁን የተሠራውን አትርሱብን። የታችኛው ክፍል አልቋል፣ በዚያ ከባድ ዝናብም ንቅንቅ አላለም። ቦዩ ተከድኗል። የእግረኛው መንገድ ሁለት ሜትር ስፋት አለው፤ ሁለት ተሽከርካሪ ወንበሮች ጎን ለጎን ይተላለፉበታል። ማዕዘኖቹ ላይ በደረጃ ፈንታ ራምፕ አለ። የተማሪዎቹ መሻገሪያ ከአስፋልቱ ከፍ ተደርጎ ነው የተሠራው፤ ሾፌር ቢወድም ባይወድም ፍጥነቱን ይቀንሳል። ዜብራ ብቻ ብንቀባማ ማን ይቆምልን ነበር? ባለሱቆቹ ደግሞ ወደ መንገዱ የወጣ ደረጃቸውን በራሳቸው እጅ አፍርሰዋል። ይህን በገንዘብ መተመን አይቻልም። የጀበና ቡና የሚሸጡትን እህቶቻችንን «አንሷቸው» ያሉን ነበሩ። አላነሳንም። ከቦዩ ክዳን ወዲያ ቦታ ለይተን ሰጠናቸው፣ ዛሬ ጠዋት ጠዋት መንገዱን የሚጠርጉት እነሱ ናቸው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። «ብራችን የታለ?» ላላችሁን፣ አብዛኛው መሬት ውስጥ ነው። ቱቦውና ቦዩ ውስጥ ነው። ቦይን ማንም ፎቶ አያነሳውም፣ ግን ያለ ቦይ የተነጠፈ ታይል በደሴ ዝናብ አንድ ክረምት አይዘልቅም። ቀድመን ያከማቸነው ሲሚንቶና ብረት በ2014ቱ ጦርነት እንደወጣ ቀርቶ ከዜሮ እንደጀመርን ታውቃላችሁ። ንድፉን የሠሩት የራሳችን ልጆች ናቸው፣ በነጻ። የኮሚቴ አባል አበል አይወስድም፤ የስብሰባው ሻይ እንኳ ከኪሳችን ነው። የገቢና ወጪው ዝርዝር በየወሩ ቅሬ ቤቱ በር ላይ ይለጠፋል። የሚያነበው ጥቂት ሰው ነው፣ የሚያማው ግን ብዙ! ባለፈው ስብሰባ እጃችሁን አውጥታችሁ ቃል የገባችሁም አላችሁ። ስም አንጠራም። እናንተ ታውቁታላችሁ።

የቀረው ሥራ ይህ ነው። ግንቡ ከመሠረቱ ይሠራል። ከጀርባው ጠጠር ይሞላል፣ ውሃ የሚተነፍስበት ቀዳዳም ከበፊቱ በዝቶ ይወጣለታል። የላይኛው ቦይ ይጠረግና አፉ ላይ ቆሻሻ የሚይዝ የብረት ፍርግርግ ይገባለታል። ከዚያ በኋላ ነው ታይሉ የሚመለሰው። የምንፈራው በልጉን ነው። ወሎ ክረምት ብቻ እንደሌለው ታውቃላችሁ። የካቲት ላይ ዝናቡ ከያዘ የተቆፈረው መሠረት በውሃ ይሞላል፣ የቆፈርንበትም ገንዘብ ይባክናል።

የደሴ ሰው ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ሐዘን የሚቀመጥ ነው። ዕንቅፋትን ከመንገድ ላይ ማንሳት ሰደቃ እንደሆነ ሐዲሱ ያስተምራል። ነቢዩ ኢሳይያስም ከሕዝቤ መንገድ ዕንቅፋትን አውጡ ይላል። ሼሆቻችንና ቀሳውስቶቻችን ከጁምዓና ከቅዳሴ በኋላ ይህን ጥሪ እንዲያሰሙልን በአክብሮት እንለምናለን።

የምንጠይቀው ከባድ አይደለም። አንድ ቤተሰብ በወር 200 ብር ለሦስት ወር። የቻለ ይጨምር፣ ያልቻለ 50 ብርም ይስጥ፣ ምርቃቱ እኩል ነው። ድንጋይ፣ አሸዋና ሲሚንቶ በዓይነት እንቀበላለን። ግንበኞች፣ የአንድ ቅዳሜ ጉልበታችሁን ስጡን። ሪያድ፣ ጅዳና ቤይሩት ያላችሁ እህቶችና ወንድሞች፣ ድካማችሁን እናውቃለን። ለወላጅ ከምትልኩት ላይ ቀንሱ አንልም፤ ብትችሉ ግን አስቡን።

አከፋፈሉ እንዲህ ነው። በኮሚቴው ስም በተከፈተው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሂሳብ ብቻ አስገቡ። ቴሌብር የምትጠቀሙም ወደዚሁ ሂሳብ ማስተላለፍ ትችላላችሁ። ቁጥሩን እዚህ ያልጻፍነው ባለፈው ጊዜ አንድ አሃዝ ተቀይሮ ሲዞር ስለነበር ነው። ትክክለኛው ቁጥር ማህተም ባለበት ወረቀት ቅሬ ቤቱ በር ላይ ተለጥፏል። ውጭ ያላችሁ ዘመድ ልካችሁ ወረቀቱን ፎቶ አስነሡ። በስልክ የሚነገራችሁን ቁጥር አትመኑ። ለግለሰብ፣ ለእኛ ለኮሚቴ አባላትም ቢሆን፣ በእጅ አትስጡ። ከመላካችሁ በፊት የሚወጣው ስም የኮሚቴው መሆኑን ደግማችሁ እዩ፤ ቁጥሩንም እንደገና አመሳክሩ።

ያስገባችሁበትን የባንክ ወረቀት እሁድ ከሰዓት ወደ ቅሬ ቤቱ አምጡ። ገንዘብ ያዡ እዚያ አለ። ባለማህተም ደረሰኝ ሳትቀበሉ እንዳትሄዱ።

የመንገድ ሥራው ኮሚቴ
ደሴ