ይድረስ ለአባባ

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፤ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹ በጣም ናፍቀውዎታል። ትልቋ ሥዕል እንደምትወድ ያውቃሉ፤ አሁን ደግሞ ቤት ስትነድፍ ነው የምትውለው። ለእሷ ብለን ከቺካጎ ወጣ ብላ ወዳለች ፕላኖ የምትባል ከተማ ሄደን ነበር። እዚያ ግድግዳው ዙሪያውን መስታወት የሆነ ቤት አለ። ስምንት የብረት ምሰሶዎች ከመሬት ከፍ አድርገው ይዘውታል፤ ከፊቱ ወንዝ ይወርዳል። የነደፈው ሚስ ቫን ደር ሮ የሚባል ስመ ጥር ጀርመናዊ ነው። ገንዘቧን አውጥታ ያሠራችው ግን ኢዲት ፋርንስወርዝ ናት፤ ባል ያላገባች የኩላሊት ሐኪም።

የኩላሊት ሐኪም ሲሉ ሐሳቤ ወደ እርስዎ ሄደ። እጥበቱ እንዴት ነው? ወንድሜን ስጠይቀው «ደህና ናቸው» ከማለት አያልፍም። ዝናብ ነው ብለው እንዳያስቀሩ፤ የታክሲውን እኔ እልካለሁ።

ቤቱ በፈረንጆች 1951 አለቀ። በክፍያ ተጣልተው ሴትዮዋና ነዳፊው ፍርድ ቤት ተካሰሱ። በኋላ ለመንገድና ለድልድይ ተብሎ ከመሬቷ ተወሰደባት። በ1972 ፒተር ፓሉምቦ ለሚባል እንግሊዛዊ ሸጣው ጣሊያን ገባች፤ እዚያው አረፈች። በ2003 ጨረታ ሲወጣ የቅርስ ተቆርቋሪዎች በ7.5 ሚሊዮን ዶላር ገዙት። ወንዙም በ1954 እና በ1996 ሞልቶ ቤቱ ውስጥ ገብቷል። ያን ሁሉ ዘመን ሰው የሚያወራው ስለ ነዳፊው ነበር። ኢዲት የሚለው ስሟ በቤቱ መጠሪያ ላይ የተጨመረው በ2021 ነው።

አባባ፣ ይህን ስሰማ እማዬ መጣችብኝ። የቤታችንን ቆርቆሮ የገዛችው በዕቁቧ ነው፤ እርስዎም አይክዱትም። በ1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ እሱ አንዱ ብቻ ስለነበረን ተረፈልን። በአርባዋ ዕለት ታዲያ እርስዎ ሽማግሌዎቹ ፊት «ቤቱ የወንዱ ነው፤ ሴት ልጅ የሰው ናት» አሉ። እኔ ጓዳ ወጥ እያወጣሁ ነበር። ጭልፋውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

ቤቱ አያሳሳኝም ብል ውሸት ይሆናል፤ ያደግሁበት ነው። የሚያንገበግበኝ ግን ያ ቃል ነው። ጣራው ሲያፈስ ገንዘብ ልኬ ሳስቀይር «የእኔ ልጅ» ብለው መርቀውኝ አልነበር? በስልክ ስንገናኝ ስለ ልጆቹ አውርተን እንዘጋለን እንጂ ይህን አንስተነው አናውቅም። አሁን ግን እፈራለሁ፤ የምፈራውን እርስዎም ያውቁታል።

ካርታው አሁንም በፌስታል ተጠቅልሎ ሳጥኑ ውስጥ ነው? እርጥበት እንዳያበላሸው ያስወጡት። ኑዛዜ ጽፈው ከሆነም ይንገሩኝ፤ የጻፉት ምንም ይሁን፣ ከአፍዎ ልስማው።

ለገና ለመምጣት ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ወንድሜም ባለበት ተቀምጠን እንነጋገር። እስከዚያው ሐኪሙ የከለከለዎትን ጨውና ሙዝ አይንኩ፤ ሠራተኛዋንም ሙዝ እንዳትገዛ ነግሬያታለሁ።

ልጅዎ