ከጎጃም የሚላክ ወረቀት የልጅቷን ጉዳይ እንዳያበላሽ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ከባል ዱላ፣ ከጠለፋ ወይም ከልጅነት ጋብቻ ሸሽተው በውጭ አገር ጥገኝነት ስለሚጠይቁ እህቶቻችን ሲነሣ ወሬው ሁሉ ስለዚያኛው አገር ጠበቃ ነው። ጉዳዩ የሚበላሸው ግን ብዙ ጊዜ እዚሁ፣ ደብረ ማርቆስም ሞጣም ቡሬም፣ ቤተሰብ ተጣድፎ በሚያጽፈው ወረቀት ነው። ሰነድ ስንተረጉምና ስናዘጋጅ የምንውል ሰዎች ነንና ጥቂት እንበል።

በ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት መሠረት መደብደብ ብቻውን አይበቃም፤ ጥቃቱ ከዘር፣ ከሃይማኖት፣ ከዜግነት፣ ከፖለቲካ አመለካከት ወይም ከአንድ የማኅበረሰብ ክፍል አባልነት ጋር መያያዝ አለበት። ሴቶች በአብዛኛው የሚገቡት በመጨረሻው በር ነው። እሱም እንደየአገሩ ይሰፋል፣ ይጠባል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ሴቶች በሴትነታቸው እንደዚህ ያለ ክፍል ሊባሉ ይችላሉ ብሏል፤ አሜሪካ ደግሞ በ2014 ከባል ዱላ ለሸሹ የከፈተችውን በር በ2018 አጥብባ፣ በ2021 መልሳ፣ በ2025 እንደገና አጥብባዋለች። ይህ ለጠበቃዋ ይተው። ለእኛ የሚቀረው የጥገኝነት ማመልከቻዋን የሚመረምረው ሹም፣ የመርማሪው፣ ጥያቄ ነው፦ «መንግሥትሽ ለምን አላዳነሽም?»

ሕጉማ አለ። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 587 ጠላፊ ከ3 እስከ 10 ዓመት ይቀጣል፤ የጠለፏትን አግብቶ ከቅጣት መዳን የድሮው ሕግ ነበር፣ አሁን ቀርቷል። መርማሪውም ይህን አንብቦ «ታዲያ ለምን ሸሸሽ?» ይላል። መልሱ ያለው ቤተሰብ ገመናችን ነው ብሎ ሣጥን ውስጥ በሚደብቀው የእርቅ ወረቀት ላይ ነው። ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ባል ዋስ ጠርቶ፣ «ዳግመኛ እጄን ባነሣ ይህን ያህል ብር ልቀጣ» ብሎ የፈረመበት ወረቀት ጥፋቱን ማመኑንም ይዟል፣ ክሱ በሽምግልና መዘጋቱንም ያሳያል። ቀበሌው ከሚጽፍላት ማናቸውም ደብዳቤ ይህ ይበልጣል።

ከሁሉ የሚከፋው ቀን ነው። በእኛ ጥር 13 ቀን 2008 የተደረገ ሠርግ በፈረንጅ ጃንዋሪ 22 ቀን 2016 ነው። ሰባት ብቻ የደመረ ተርጓሚ 2015 ይለዋል፤ ልጅቷም በአንድ ዓመት ታንሳለች፣ በቃለ መጠይቅ ላይ ከተናገረችው ጋር ይጋጫል፣ ውሸታም ትባላለች። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ 7፣ ከዚያ ወዲያ 8 ይደመራል፤ የፈረንጁ ዓመት በሚለወጥበት ሰሞን ያለ ቀን ግን ሁለቴ ይታይ። ሰዓቱም እንዲሁ። «ሰኞ ከሌሊቱ 7 ሰዓት» በእነሱ ማክሰኞ አንድ ሰዓት ነውና ቀኑም አብሮ ይዞራል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ትርጉሙ ውስጥ የእኛ ቀን እንዳለ ይቀመጥ፣ የፈረንጁ አጠገቡ ይጻፍ።

የልደት ምዝገባ ለሌላት የክርስትና ማስረጃ ዕድሜዋን ያስረዳል። ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ነው የምትጠመቀው፤ በጥር 21 አስተርእዮ ማርያም የተጠመቀች የተወለደችው ኅዳር መባቻ ላይ ነው ማለት ነው። ካህኑ የክርስትና ስሟን ብቻ ጽፈው እንዳይሰጡ ግን ይለመኑ። ወለተ ማርያምና ፓስፖርቱ ላይ ያለችው እናትነሽ አንድ ሰው መሆናቸውን ፈረንጅ ከየት ያውቃል?

ምስክርነት ላይ ደግሞ ብዛት አይረዳም። በአንድ ሰው እጅ ተጽፈው አሥር ሰው የፈረመባቸው «ጥቃት የደረሰባት መሆኑን እናረጋግጣለን» የሚሉ ደብዳቤዎች አንድ የሐሰት ክምር መስለው ይታያሉ። ሁለት ሰው ይበቃል፤ እያንዳንዱ በራሱ አነጋገር፣ መቼ፣ የት ሆኖ፣ በዓይኑ ምን እንዳየ ይጻፍ፤ የሰማውን «ሰማሁ» ይበል፤ የመታወቂያው ቅጂም ይያያዝ። ለእርሷ ብለው የሚጨምሩላት አንዲት ውሸት እውነቱን ሁሉ ይዛባት ትሄዳለች። በአሜሪካ ሆን ብሎ በዋና ፍሬ ነገር ላይ የዋሸ አመልካች ለዘለቄታው በሩ ሊዘጋበት ይችላል።

ቀበሌ ሄዶ «ልጄ እገሌ አገር ናትና ጻፉልኝ» ማለትም ቀርቶ ይሻላል፤ የባሏ ዘመዶች እዚያው ናቸው። አገሯ፣ አድራሻዋ፣ ስልኳ የትም አይጻፍ። እርሷም ውክልና ለመላክ ወይም ፓስፖርት ለማደስ ኤምባሲ ከመሄዷ በፊት ጠበቃዋን ትጠይቅ። ካይሮ ላሉት ደግሞ፣ በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን መመዝገብ በነፃ ነው፤ ለዚያ ብር የሚጠይቅ ደላላ ነው።

የጤና ጣቢያ ካርዱ፣ የእርቁ ወረቀት፣ የክርስትናው ማስረጃ ከመላካቸው በፊት ፎቶ ይነሡ፤ ብቸኛው ዋና ቅጂ በመንገደኛ ሻንጣ ባይሄድ ይመረጣል። አሜሪካ ያለችው ግን እነዚህ እስኪደርሱላት አትጠብቅ። ለየት ያለ ምክንያት ከሌላት ማመልከቻውን ለመጨረሻ ጊዜ ከገባችበት ቀን አንሥቶ በአንድ ዓመት ውስጥ ማስገባት አለባት፤ ወረቀቱ ኋላ ሊከተል ይችላል።

ከደብረ ማርቆስ