ከፈረሳን እስከ ሐይቅ ላደረሳችሁኝ ሁሉ

አሰላሙ አለይኩም። ጤና ይስጥልኝ።

የሐይቅ ከተማ ልጅ ነኝ፣ ወሎ ተሁለደሬ። አገሬ ከገባሁ 5 ሳምንት ሆነኝ። ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴ ቡና አፈላሁ። እናቴ አቦሉን ፉት ብላ "እንግዲህ ጀበና ካነሳሽ እርሳስም ታነሻለሽ፤ ለሰዎቹ ጻፊላቸው" አለችኝ። እውነቷን ነው። በእኔ ጉዳይ የደከመው ሰው ብዙ ነው። ቤት ለቤት ዞሬ እንዳላመሰግን ግማሻችሁ ባሕር ማዶ ናችሁ። ስም አልጠራም። ሥራ ላይ ያላችሁ አላችሁ፣ በኔ ሰበብ እንዳትቸገሩ ነው። ራሳችሁን ታውቁታላችሁ።

ነገሩን ላልሰማችሁ ልንገራችሁ። 3 ዓመት ከመንፈቅ የሠራሁት ፈረሳን ነው። ሳዑዲ ሲባል ሰው ሁሉ ሪያድና ጅዳ ይመስለዋል። ፈረሳን ግን ደሴት ነው። ከጂዛን ወደ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ቀይ ባሕር ውስጥ ገባ ብሎ ያለ አገር ነው። ደሴቶቹ ከ80 በላይ ናቸው፣ ሰው ያለባቸው ግን ጥቂት ናቸው። ሜዳው ላይ ሚዳቋ ይታያል። በመጋቢትና በሚያዝያ "ሀሪድ" የሚሉት አሳ በመንጋ ወደ ዳር ይመጣል። ያን ሰሞን አገሩ በሙሉ አሳ አሳ ይሸታል፣ እኛም ቅርፊት ስንፍቅ እናመሻለን። አገሩ ጥሩ ነው። ከባድ ሕመም ሲመጣ ግን መዳኛው ማዶ ነው።

የሚያሻግረው መኪና የሚጭን ትልቅ መርከብ ነው። እዚያ "አባራ" ይሉታል። መኪናው እየተነዳ ሆዱ ውስጥ ይገባል። ሰው ደረጃ ወጥቶ ፎቁ ላይ ይቀመጣል። ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው ጂዛን ለመድረስ። ክፍያ የለውም። ለአገሬውም ለእኛም፣ ለሰውም ለመኪናም ነጻ ነው። ንፋስ ከበረታ ግን ንቅንቅ አይልም።

ጥር ላይ አንድ ረቡዕ ማታ ሆዴን ቆረጠኝ። ማዳም ፓናዶል ሰጠችኝ። ሐሙስም ፓናዶል። ሐሙስ ማታ እቃ ማጠቢያው ሥር ተቀምጬ ቀረሁ፣ መነሳት አቃተኝ። ስለዚያ ብዙ አልልም፣ አልፏል። ግን የቤቱን አሮጊት እናት ሳላመሰግን አላልፍም። ያቺ ሐጃ ከዘራዋን ይዛ ከምኝታዋ ተነሳች። ልጇን ተቆጥታ "ይህች ልጅ የሰው ልጅ ናት፣ አሁኑኑ ውሰዳት" አለችው። ተወሰድኩ። የሆስፒታሉንም ሁሉ እነሱ ከፈሉ፣ እሱን አልክድም።

ደሴቱ ላይ ያዩኝ ሐኪሞች ትርፍ አንጀት ነው፣ ሳይፈነዳም አልቀረም አሉ። ጂዛን ሪፈር ተጻፈልኝ። አርብ መርከቡ አልተነሳም፣ ንፋስ ነው። ጉሉኮስ ተተክሎልኝ ሳይጨልም አይነጋም የሚሉት ሌሊት አደርኩ። ይህን ጊዜ ነው የቃሏ ልጅ፣ የወሎዋ የቃሉ ወረዳ ልጅ፣ የመጣችው። ሦስት ቤት አልፋ ነበር የምትሠራው። አሠሪዋን ለምና የአንድ ቀን ፈቃድ ይዛ መጣች። ሌሊቱን ሙሉ እግሬን ስታሽ አደረች። እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርጋት እንኳ እጇ አላቆመም።

ቅዳሜ ጠዋት ንፋሱ ጋብ አለ። አምቡላንሱ መርከቡ ውስጥ ገባ።

የምነግራችሁ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። መኪኖቹ የሚቆሙበት የታችኛው ወለል መስኮት የለውም። ጨለም ያለ ነው፣ ናፍጣና ጨው ይሸታል። መኪኖቹ ጎን ለጎን ተጠጋግተው ይቆሙና ሾፌሩም ተሳፋሪውም ወደ ፎቅ ይወጣል። ታች መቅረት ክልክል ነው። ከእኔ ጋር እንዲቀር የተፈቀደለት ነርሱ ብቻ ነበር። የቃሏን ልጅ ውጪ አሏት። እጄን አለቅም አለች። ጮኸው ተናገሯት። እሷም ጮኸች።

አንድ የመርከቡ ሠራተኛ መጣ። ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰ፣ ፂሙ ሽበት የጀመረው ሰው ነው። መጀመሪያ እኔን አየኝ። ከዚያ የተያያዘውን እጃችንን አየ። ምንም አልተናገረም። ሄዶ ከአለቃው ጋር ተነጋግሮ ተመለሰ፣ "ትቀመጥ" አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አምቡላንሱ ጎማ ሥር ታኮ ጣለ። አንድ ጥሎ ሄደ፣ ተመልሶ ሁለተኛ ጣለ። ወለሉ ላይ ሰንሰለቱን እየጎተተ አጠበቀው። በሩ ክፍት ስለነበር ሁሉንም አየዋለሁ። በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ፎጣ አምጥቶ ለእሷ ሰጣት።

መንገዱ ከነፋሱ የተረፈ ማዕበል ነበረው። መርከቡ ዘንበል ባለ ቁጥር ሰንሰለቱ ይንቋቋል፣ ሆዴም አብሮ ይሰነጠቃል። የቃሏ ልጅ ጆሮዬ ሥር መንዙማ ታንጎራጉራለች። በየመሀሉ "አብሽሪ፣ ባሕሩ ረግቷል፣ ሐይቅን መስሏል" ትለኛለች። ትንሽ ቆይታ "ከተማው ታየ፣ ሕንጻው ታየ፣ ደረስን" ትላለች። አመንኳት። በኋላ ነው የገባኝ። እዚያ ታች መስኮት የለም። እሷም ከኔ የተለየ አታይም ነበር። ከመኪና ጎማና ከብረት ግድግዳ በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። አንድ ሰዓት ሙሉ ያላየችውን ከተማ እያየችልኝ አሻገረችኝ።

እህት ዓለም፣ ይህን ውለታ በምን ቃል ልመልሰው? አላህ ይክፈልሽ ብዬ ልተወው።

ጂዛን ላይ በገባሁበት ቀን ኦፕራሲዮን ተደረግኩ። ፈንድቶ ነበር። ግብፃዊው ሐኪም አንድ ቀን ብትዘገይ ኖሮ ብሎ ዝም አለ። 11 ቀን ተኛሁ። የጂዛን የወሎ ልጆች፣ እናንተን ምን ልበላችሁ? ፈረቃ ወጥታችሁ አስታመማችሁኝ። አጥሚት ይዛችሁ የመጣችሁ አላችሁ። እኔን አይታችሁ የማታውቁ ናችሁ፣ ሐይቅን እንኳ ከደሴ ማዶ መሆኗን ብቻ የምታውቁ አላችሁ። 50 ሪያል ያላት 50፣ 200 ያላት 200 አዋጣችሁ። መውጫ ወረቀቴን ለማስጨረስ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ የቆምከው ወንድሜ፣ የባቲው፣ ያንተ ለብቻው ነው።

ኮምቦልቻ ኤርፖርት ስወርድ ጎረቤቱ በሙሉ በአንድ ሚኒባስ ተጭኖ ቆሟል። ሹፌሩ ብር አልቀበልም አለ። ቤት ስንደርስ ቅሬያችን፣ ዕድራችን ማለት ነው፣ ድንኳን ጥሎ ነበር። ድንኳኑን ሳየው ደነገጥኩ፣ ሰው የሞተ መሰለኝ። ለኔ ወዳጃ፣ ተሰብስቦ ለሚደረግ ዱአ፣ ነበር የተጣለው። አባቶቼ፣ ዱአችሁ ደርሶኛል።

የጎረቤታችን እትዬ ነገር ደግሞ አለ። መታመሜን የሰማች ለት ለሐይቅ እስጢፋኖስ ጧፍ ተሳለች። ገዳሙ ድሮ ደሴት ነበር፣ አሁን ከየብስ ገጥሟል። ሴት ግን ስለማይገባ ስለቷን ልጇ አደረሰላት። እኔ በመስጊድም በቤተ ክርስቲያንም ነው የተለመንኩት። እትዬ፣ ያን ጧፍ አልረሳውም።

አሁን የአደራውን ሒሳብ ልንገራችሁ። የተዋጣው 6,400 ሪያል ነው። ለቲኬትና ለወረቀት 3,150 ወጣ። ለመድኃኒትና ለመንገድ 1,900። የተረፈውን 1,350 ጂዛን ላይ ለተኛች ሌላ እህታችን እንዲሰጥ አድርጌያለሁ፣ መድረሱንም በድምጿ ነግራኛለች። ደረሰኙ እኔ ዘንድ አለ፣ ማየት የምትፈልጉ ጠይቁኝ።

ፈረሳን ወይ ጂዛን ያላችሁ፣ በአባራው የምትመላለሱ ደግሞ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ያን ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰ፣ ሽበት የጀመረው ሰው ካገኛችሁት፣ በአምቡላንስ ያሻገርካት ሐበሻ ልጅ ድናለች በሉት። ጀዛከላህ ኸይር ብላሃለች በሉት። አምቡላንስና ሁለት ታኮ ካላችሁት ያስታውሰዋል።

የቃሏ ልጅ፣ ላንቺ ደግሞ መልእክት አለኝ። ባለፈው ሐሙስ እናትሽ ዘንድ ሄጄ ነበር። ደህና ናቸው። ጉልበታቸውን ትንሽ ያማቸዋል እንጂ ገበያ ይወጣሉ። ቁስሌን አሳየኋቸው፣ በእጃቸው ዳበሱት። በርበሬ አስፈጭተው ሰጥተውኛል፣ ሁለት ኪሎ ነው። ወደዚያ የሚመጣ ሰው ሳገኝ እልክልሻለሁ።